የማስተዋል ጥምቀት

ዘንድሮ በጥምቀት ማግስት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጇ ሰብለ ከምትኖርበት ውጭ አገር በዓሉን ልታከብር መጥታለች። ሰብለን ልጅ ሳለች እዚሁ ደብረ ማርቆስ አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬ እሷም ናርዶስ የምትባል ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አድርሳለች። ስገባ የሰፈር ልጆች ግቢው ውስጥ ገመድ ይዘላሉ። ናርዶስ የሐበሻ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ከመካከላቸው ትዘላለች። ወገቧ ላይ ከክብሪት ቤት ከፍ የምትል ጥቁር ዕቃ ተሰክታለች፤ ከዕቃዋም እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ወጥቶ ቀሚሷ ሥር ይገባል።

“ልጄ፣ ስልክሽ እንዳይወድቅብሽ” አልኳት።

“ስልክ አይደለም አባባ፤ ኢንሱሊኔ ነው” አለችኝና መዝለሏን ቀጠለች።

ምሳ ሲቀርብ እያለከለከች ገባች። ሳህኗ ላይ የወጣላትን እንጀራና ዶሮ ወጥ፣ ዳር ላይ የተቀመጠችውን የድፎ ዳቦ ቁራሽ ዐየት አደረገች፤ ከእናቷ ጋር ሁለት ቃል ተነጋገሩና ዕቃዋን ጫን ጫን አድርጋ መብላት ጀመረች። በቃ፤ ይኸው ነው። በልታ ስትጨርስ እጇን ታጥባ ወደ ገመዷ ሮጠች።

“ድናለች ማለት ነው?” አልኳት ሰብለን።

“አልዳነችም ጋሼ። ስኳር የሚድን በሽታ መች ሆነ። መድኃኒቱን ይቺ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያደረገች ትሰጣታለች፤ ምግብ ስትበላ ደግሞ እሷ ትጨምራለች። ቀላል እንዳይመስልዎ። ዕቃዋ እንቅልፋችን ላይ ትጮሃለች፤ ቱቦው በር እጀታ ይይዘዋል፤ በየጥቂት ቀኑ ቆዳዋ ላይ የሚተከለውን ቦታ መቀየር አለ። ‘ለምን እኔን ብቻ’ ብላ የምታለቅስበት ቀንም አለ። ግን ጓደኞቿ ልደት ትሄዳለች፣ ከእነሱ ጋር ትበላለች፣ ትሮጣለች። እንደ ልጅ እያደገች ነው።”

የያዝኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። እንደ ልጅ ሳታድግ የቀረች አንዲት እህት ነበረችኝ።

ማስተዋል የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። አገራችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲወጡ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጧት ጧት ጉም እስከ ደጃፍ የሚመጣበት ብርዳም ደጋ። እኔ ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ስንቄን ላመጣ ወደ ቤት ስሄድ ማስተዋልን ልብሷ ሰፍቷት አገኘኋት። ውሃ ብቻ ትጠጣለች። ጠጥታ አትረካም፤ ሳትረካም ወደ ውጭ ትሮጣለች። እናቴ በመጀመሪያ ሆዷ ውስጥ ትል ነው ብላ ነበር፤ ኋላ ደግሞ የሰው ዐይን ነው አለች። እኔ በደረስኩ በማግሥቱ ግን ከመደብ መነሳት አቃታት። አባቴ በበቅሎ ከፊቱ አስቀምጦ፣ እኔ በእግሬ እየተከተልኩ፣ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረስናት።

እዚያ የነበሩት ነርስ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁሉም ሰው ሲስተር ነው የሚላቸው። ልጅቱ ነፍስ ስትዘራ አባቴንና እኔን አስቀምጠው ነገሩን አስረዱን። የስኳር በሽታ ነው፤ ጧትና ማታ መርፌ ትወጋለች፤ መርፌው ከቀረ ግን አትኖርም አሉን።

“እስከ መቼ ነው የምትወጋው?” አለ አባቴ።

“ዕድሜዋን ሙሉ ነው አባቴ።”

አባቴ ማስተዋልን ቆይቶ አያትና “ዕድሜውን ይስጣት እንጂ መወጋቱስ ግድ የለም” አለ።

በዚህ ምክንያት ማስተዋል ከሐኪም ቤት እንዳትርቅ እኔ ዘንድ መኖር ጀመረች። እዚያው አቅራቢያ ትምህርት ቤት አስገባኋት። ጧት ከእንቅልፌ ስነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ የላምባ ምድጃውን ለኩሼ መርፌውን መቀቀል ነበር። የላምባው ሽታና የሚንተከተከው ውሃ ድምፅ እስካሁን ከጧት ጋር ተያይዘው ይመጡብኛል። መድኃኒቱን በራሰ አሸዋ ውስጥ በቀበርናት ትንሽ ማሰሮ ነበር የምናስቀምጠው። ሲስተር አደራ ያሉን ከፀሐይና ከሙቀት እንድንጠብቀው ነበርና በደብረ ማርቆስ አየር ማሰሮዋ በቂያችን ነበረች። ማስተዋል በመጀመሪያ ጭኗን ይዛ ታለቅስ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መርፌውን ከእጄ ተቀብላ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ራሷ መውጋት ለመደች።

ያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት ጌታ እንጂ ሎሌ አልነበረም። ከተወጋች በኋላ ራባትም አልራባት ሰዓቱን ጠብቃ መብላት አለባት፤ ሰዓቱ ካልደረሰ ደግሞ ቢርባትም ትታገሣለች። ከቤት የሚመጣልን ድርቆሽ፣ ቆሎና ሽሮ ነበር። ልጆች በእረፍት ሰዓት ሸንኮራ ሲመጥጡ እሷ ዞር ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ወደቀች። መምህሯ ስኳር በውሃ አጠጥታ አስነሳቻት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ልጆቹ ይጋባብናል ብለው አጠገቧ መቀመጥ ተዉ። “ስኳሬ” ብለው ስም አወጡላት። ስፖርት ሲሠራም እሷ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣ የሌሎቹን ሹራብ ትጠብቃለች።

“መርፌው ያምሻል?” አልኳት አንድ ማታ፣ ጭኗ ላይ የበለዘውን ዐይቼ።

“መርፌውስ ይወጋና ያልፋል ጋሼ” አለችኝ። “‘አንቺ ተቀመጪ’ ሲሉኝ ነው የማያልፈው።”

አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ናት እንዲህ ያለችኝ።

የገና በዓል እንዳለፈ የጥምቀት ነገር ጀመራት። አገራችን እንሂድ፣ ከነእንትና ጋር ታቦት ልሸኝ፣ ልዝፈን እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። እናቴም ሳታሳውቀን ቀሚስ አሠርታላት ኖሮ ገበያ በመጣ ሰው እጅ ላከችላት፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ የሸማ ቀሚስ ነበር። ‘ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ’ ይባል የለ? ያን ቀሚስ እያየሁ አንሄድም ለማለት አንደበት አጣሁ። ሲስተርንም አማከርኩ። “ትሂድ፤ ልጅ አይደለች እንዴ” አሉኝ። መርፌዋን እንዳታስታጉል፣ መድኃኒቷንም መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው አደራ አሉኝ። ጠርሙሷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅል ውስጥ ከተትኳትና ተነሳን።

እስከ ሮብ ገበያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ነው። ጥር በደጋው ውብ ወር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አውድማው ላይ የገብስ ገለባ ይሸታል፣ ጮቄ ከፊት ለፊት ራሱን ገልጦ ይቆማል። የመብያ ሰዓቷ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን የተቀቀለ ባቄላ በላን። ማስተዋል ባቄላውን እየፈለፈለች ስለ ሰፈራችን ልጆች አወራችልኝ፤ ማን እንዳደገ፣ ማን ጥርሱ እንደወለቀ፣ የትኛዋ ከበሮ እንደምትመታ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በወር የማታወራውን በዚያች ዳገት ላይ አወራችው።

እናቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችን። ማስተዋልን አገላብጣ ሳመቻት፤ ክንዷን እየዳበሰች “ሥጋ ገዝታለች! ሥጋ ገዝታለች!” አለች። የማታውን መርፌ ስትወጋ ቆማ አየች። ስንጨርስ ጠርሙሷን ተቀብላኝ በእሳቱ ብርሃን አገላብጣ ተመለከተቻት።

“ይቺ ናት የልጄን ነፍስ የያዘችው?”

“እሷ ናት።”

“ሙቀት አይወድም ብለሃል። እዚህ ደግሞ እሳቱ አለ፣ የከብቱ ትንፋሽ አለ። ለእኔ ተወው፤ ቀዝቃዛ ቦታ እኔ ዐውቅለታለሁ።”

ጠርሙሷን ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አድርጋ፣ ከቤቱ ጀርባ ነፋስ በሚመታው ግድግዳ፣ ከክዳኑ ሥር ሰቀለችው። አባቴም “ደግ አደረግሽ” አላት። ሁላችንም ደስ ብሎን ተኛን።

ጧት ስነሳ ሣሩ ላይ ውርጭ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ተጋግሯል። መርፌውን ቀቅዬ መድኃኒቱን ስጠይቅ እናቴ ከብብቷ አውጥታ ሰጠችኝ። ለበዓሉ ከሚተራመሰው ሰው የጠበቀችው መሰለኝ። መድኃኒቱ ሲፈጠርም እንደ ወተት ደፍረስ ያለ ነው፤ እንደ ወትሮው አሻሸሁት፣ ማስተዋልም ተወጋች።

ዕለቱ ከተራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ ማስተዋል ያን አረንጓዴ ጥለት ለብሳ፣ ከጓደኞቿ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ከፊት ከፊት ትዘፍን ነበር። ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም። ድምፅዋ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር፤ ትንሽ ሸካራ ነው፣ ግን ያወጣል። ምንጩ ጋ እየሄደች ደጋግማ ውሃ መጠጣቷን ዐይቻለሁ። ፀሐዩ ነው፣ ዘፈኑ ነው አልኩ። በማግሥቱ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ውሃ ሲረጭ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እየሳቀች ተቀበለችው። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከልጆቹ ወደ ኋላ ቀረች።

“እግሬ ከበደኝ ጋሼ” ብላ ክንዴ ላይ ተደገፈች።

ጧትና ማታ አንድም መርፌ አላስታጎልንም። ሆኖም በሚካኤል ዕለት ጧት ማስመለስ ጀመራት። ትንፋሿ ከጥልቅ እየተሳበ ይወጣል፤ አፏም የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ያ ሽታ መጀመሪያ የታመመች ጊዜ የነበረው ሽታ ነው። ሌላ መርፌ ወጋኋት። ጠበቅን፤ ለውጥ የለም። ያን ጊዜ አባቴ ወደ ታቦቱ ሸኚዎች ሮጠ። ጎረምሶቹ ዱላቸውንና ጭፈራቸውን ትተው መጡና ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ከወዲያ ማዶ የከበሮው ድምፅ፣ ከወዲህ የተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ይሰማኛል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች።

ሮብ ገበያ ላይ አንድ የጭነት መኪና አገኘን፤ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ያለው ግን ለአባቴና ለእኔ ብቻ ነበር። ማስተዋልን ጭናችን ላይ አስተኛናት። እናቴ መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። መኪናው ሲነሳ እጇን አላውለበለበችም፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማ ነበር።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ ማስተዋል ዐይኗን ገለጠች።

“ጋሼ፣ ቀሚሴ ላይ አስመለስኩ?”

“የለም፤ ንጹሕ ነው።”

“ለፋሲካም እለብሰዋለሁ” አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ስትናገር አልሰማሁም።

ሲስተርና ሐኪሙ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ማስተዋል ዐረፈች።

አባቴ አላለቀሰም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ተከናነበ። ሲስተር መድኃኒቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝና ጠርሙሱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሱት። ቀስ ብለው አዘነበሉት። በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ደቃቅ ቅርፊት የሚመስል ነገር ተጣብቆ ቀረ።

“የት ነበር ያስቀመጣችሁት?”

ነገርኳቸው። ሲስተር ጠርሙሱን አንዴ ደግመው አዘነበሉት።

“ውርጭ መትቶታል” አሉ። “አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ውርጭ ስለማናይ ሁላችንም የምንፈራው ፀሐይን ነው። ደግሞ በዐይን ብቻ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው፤ ልጄ፣ በራስህ አትፍረድ።”

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ሁሉንም ሰምቷል። ተጠግቶ ጠርሙሱን ከሲስተር እጅ ተቀበለና ጋቢው ውስጥ ደበቀው።

“ስማኝ ልጄ” አለኝ። “ይኸ ነገር ከዚህ ደጅ አይወጣም። እናትህ ከሰማች ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው። በሽታው ጠንቶባት ነው እንላለን። ማልልኝ።”

ማልኩለት።

ማስተዋልን በዚያው ቀሚስ ቀበርናት። ለቀስተኛው ሁሉ በሽታው ነው ብለን ነገርን፤ ሰውም እንደዚያው አምኖ አለቀሰ። እናቴ ለቅሶ ላይ ደረቷን ከመድቃት በስተቀር አንዲት ቃል አልወጣትም። እሷ ገጣሚ ነበረች፤ የጎረቤት ሰው ሲሞት እንኳ እንባ የሚያስረግፍ ሙሾ ታወርድ ነበር። ለራሷ ልጅ አንድም ስንኝ አልመጣላትም። አባቴም ከዚያ በኋላ የማስተዋልን ስም አንስቶ አያውቅም። ጥር በገባ ቁጥር አንድ ጉዳይ ፈልጎ ከቤት ይርቃል፤ እናቴም የት ሄድክ ብላ አትጠይቀውም። እኔ ተመርቄ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ቤታችን ውስጥ የማይነካ ቦታ እንዳለ ሁላችንም እያወቅን ዙሪያውን እየተራመድን ኖርን።

ከብዙ ዘመን በኋላ አባቴ ሞተና እናቴን ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አመጣኋት። የአባቴ ተዝካር ከወጣ ጥቂት ሰንብቶ አንድ ጧት ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አግዛታለሁ።

“የሞተ ሰው ሁሉንም ያውቃል ይባላል” አለችኝ ድንገት። “አባትህ አሁን ያውቅ ይሆን?”

“ምኑን?”

“የማስተዋልን ነገር።”

ባቄላውን ትቼ ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ግን ባቄላውን እየፈለፈለች ቀጠለች።

“ያን ጧት ጠርሙሱን ሳወርደው ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ብነግራችሁ ልጅቱ ጥምቀቷን ሳትውል ይዘሃት ትመለሳለህ ብዬ ፈራሁ። ያን ቀሚስ ለብሳ ሳላያት? ብብቴ ውስጥ አድርጌ አቀለጥኩት። ሲቀልጥ እንደ በፊቱ ወተት መሰለ። ዳነ ብዬ ሰጠሁህ። በኋላ ስትታመም ነው የገባኝ። መንገድ ላይ ጥላችሁኝ ስትሄዱ ገብቶኝ ነበር።”

“ለምን ለአባባ አልነገርሽውም እማዬ?”

“ቢቆጣኝ እችለው ነበር። ቢያዝንልኝ ግን አልችልም። እሱ ደግሞ እንደሚያዝንልኝ ዐውቃለሁ።”

መሐላዬ የተፈታው አባቴ ሲሞት ነው ወይስ ያን ቀን ነው፣ ዛሬም አላውቅም። ግን ነገርኳት።

“አባባ ያውቅ ነበር።”

ቀና አለች። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዚያው ቀን ጀምሮ። ሲስተር ነግረውን ነበር። አንቺ እንዳትጎጂ ብሎ ነው አስምሎኝ የኖረው።”

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ሥር ሆና እንዲህ አለች፦

“ወይ እሱ ሰውዬ! እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ስንጠባበቅ፣ ልጃችንን አብረን ሳናለቅሳት ቀረን።”

ሰብለ ምሳዬን ለምን እንደተውኩ ስትጠይቀኝ ይኸን ሁሉ ነገርኳት። እንዲህ አድርጌ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳ ቆራርጬ ነው የነገርኳት። ሰብለ ስትሰማ ቆይታ ዐይኗን ጠረገች። እኔ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ከእንግዲህ ብዙ ነገር አላሳድድም። ነገር ግን በዚህ አገር ዛሬም ጧት ጧት መርፌ ይዘው ዐይናቸውን የሚጨፍኑ፣ መድኃኒታቸውን በማሰሮ የሚያኖሩ ልጆች አሉ። ለእነሱም ያቺ ዕቃ እንድትደርሳቸው እመኛለሁ። እሷን እስኪያገኙም ድረስ የጓደኛ ጨዋታና የበዓል ቀሚስ እንዳይቀርባቸው እመኛለሁ።

እናቴም ካለፈች ቆየች። ከዚያ የባቄላ ጧት በኋላ በቀሯት ዓመታት ስለ ማስተዋል ማውራት ጀምራ ነበር። ድምፅዋን፣ አሳሳቋን፣ በሕፃንነቷ ያደረገችውን ሁሉ ታነሳለች። አንዳንዴም ያን ጊዜ አልመጣ ያላት ስንኝ እየመጣላት ዝቅ ባለ ድምፅ ታወርደው ነበር። እኔ እሰማታለሁ፤ የምችለውን ያህል አብሬያት አለቅሳለሁ። ሆኖም ስንኙን ስትጨርስ የምታየው እኔን አልነበረም። አባቴ በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ ይቀመጥበት ወደነበረው ወደ ቀኝ ጎኗ ዞር ትል ነበር።